የጋሼን ቀስት ከ60 ፓውንድ ወደ 50 ማውረድ (የሥራ ማስታወሻ፣ ሱሉልታ)

ቅዳሜ ኅዳር 6፣ ጠዋት

ቁጥር የሚበዛበት ሥራ ስለሆነ ከመጀመሪያው እየጻፍኩ ልሄድ ነው።

ቀስቱ የጋሼ ነው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖረው አምና ጠቅልለው ገቡና እዚሁ ሱሉልታ ቤት ሠሩ፣ እዛ እያሉ በየዓመቱ አጋዘን ያድኑበት የነበረውን ኮምፓውንድ ቀስትም እስከነሳጥኑ ይዘውት መጡ። እዚህ አደን የለም፣ ያለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ማደን ክልክል ነው እሳቸውም አያስቡትም። የሚፈልጉት ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥተው ድርቆሽ ላይ አስር አስራ ሁለት ፍላጻ መልቀቅ ነው፣ በቃ።

ችግሩ ትከሻቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኙን ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ሐኪማቸው አሁን መሳብ ይችላሉ ግን ከቀላል ይጀምሩ ብሏቸዋል፣ ቀስቱ ግን ድሮ በጤናቸው ጊዜ እንደነበረው ነው ያለው። ባለፈው እሁድ ሲስቡት አየኋቸው፣ ቀስቱን ወደ ሰማይ አንስተው ወገባቸውን ለጥጠው በመላ ሰውነታቸው ነው የሳቡት፣ አንድ ፍላጻ ለቀቁና ትከሻቸውን ይዘው ዝም አሉ። ከዛ ምስማሩ ላይ ሰቀሉትና «በቃ ይሄ የጎረምሳ ዕቃ ነው» ብለው ገቡ። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። ለመሳብ የሚጠይቀው ክብደት እኮ በብሎን የሚቀንስ ነገር ነው፣ ለምን ይሰቀላል።

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። የድሮው ቀስት በሳብከው ቁጥር እየከበደ ነው የሚሄደው። ኮምፓውንዱ ጫፍና ጫፍ ላይ ካም የሚባሉ ክብ ያልሆኑ ጎማዎች አሉት፣ ስትስበው መጀመሪያ ይከብድና ጣሪያ ይነካል ከዛ ካሞቹ ሲዞሩ በአንዴ ይቀላል። የጋሼ ቀስት ሰማንያ ፐርሰንቱን ይተውልሃል፣ ስለዚህ 60 ፓውንድ የነበረው ጉንጭህ ጋ ሲደርስ 12 ብቻ ነው የምትይዘው። ይዞ ማነጣጠሩ ቀላል ነው ማለት ነው፣ ትከሻ የሚጎዳው መሃል ላይ ያችን ጣሪያ ማለፉ ነው፣ እኛም የምንቀንሰው እሷን ነው። ክንፎቹ፣ ማለትም ከእጀታው ወደ ላይና ወደ ታች የወጡት የሚታጠፉት ክፍሎች፣ ላይ 50-60 የሚል ተለጥፏል፣ ከ50 በታች እንደማይወርድ በዛው አወቅን።

ቅዳሜ ኅዳር 6፣ ከሰዓት

ከመንካቴ በፊት አሁን ስንት እንደሆነ መለካት ነበረብኝ። የቀስት ሚዛን እዚህ ከየት ይመጣል፣ ግን የዲያስፖራ ቤት የማያጣው ነገር አለ፣ የሻንጣ ሚዛን! 23 ኪሎ እንዳያልፍ ሌሊቱን ሙሉ ሻንጣ የሚመዘንባት ባለ መንጠቆዋ። እስከ 50 ኪሎ ትችላለች። የሚገርመው ደግሞ 23 ኪሎ ማለት 50 ፓውንድ ከምናምን ነው፣ ማለትም የእኛ ግብ ልክ አንድ የሞላ ሻንጣ ነው። ለጋሼ እንደዛ ስላቸው ሳቁ፣ «ሻንጣስ ስንቱን አንስቻለሁ» አሉ።

ሚዛኗን ዝም ብዬ አላመንኳትም ምክንያቱም መሃል ላይ መንጠቆው ቢላቀቅ ቀስቱ ያለ ፍላጻ ተለቀቀ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ክንፍ ይሰብራል። በበረንዳው ወራጅ ላይ በወፍራም ገመድ አሰርኳትና ያልተከፈተ 25 ኪሎ ሩዝ ሰቀልኩ፣ 25.1 አለች። ባለ 5 ሊትር ዘይት ጨመርኩበት 29.8፣ ቆየሁበት ምንም አላለችም። እሺ።

ከዛ መንጠቆዋን ሪሊዙ፣ ገመዱን ይዞ የሚለቀው መሣሪያ፣ በሚገባባት በዛች ትንሽ የክር ቀለበት፣ ዲ ሉፕ የሚሏት፣ ውስጥ አስገባሁና ቀስቱን እጀታው ላይ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች ሳብኩት። እዚህ ጋ ያላሰብኩት ነገር መጣ። የሻንጣ ሚዛን ቁጥር የምትቆልፈው ክብደቱ ሲረጋ ነው፣ ቀስት ደግሞ ጣሪያው ላይ አይረጋም አልፎ ይወርዳል፣ ስለዚህ የቆለፈችልኝ መጨረሻ ላይ ያለውን 5.4 ነው። ስልኬን ፊት ለፊቷ አስደግፌ ቪዲዮ እየቀረጽኩ በጣም በዝግታ ሳብኩት ከዛ ቪዲዮውን እያቆምኩ ትልቁን ቁጥር ፈለግሁ። ሦስት ጊዜ 26.9፣ 26.8፣ 26.9። 26.9 ብለን ያዝን፣ 59 ፓውንድ ከምናምን።

ሲመለስም እንደ ሳቡት በዝግታ ነው የሚመለሰው። ጣሪያውን ወደ ኋላ ሲያልፍ ከእጅ ሊነጥቅ ይሞክራል፣ እዛች ላይ መጠንቀቅ።

እሁድ ኅዳር 7

ዛሬ አጠፋሁ። ክንፎቹን ከመሃሉ ብረት ጋር የያዙት ሁለት ትላልቅ ብሎኖች፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች፣ በአለን ኪይ ነው የሚፈቱት። ቤት ያለው ስብስብ የሚሊሜትር ነው። 5ቱ አልገባም፣ 4.5ቱ ገባ ግን ይንገዋለላል፣ እኔ ደግሞ ትንሽ ብቻ ልሞክር ብዬ ስጫነው ሾልኮ የላይኛውን ብሎን ስድስት ጎን ጫፉን ላጠው። ትንሽ ነው፣ በጣት ሲዳሰስ ብቻ የሚታወቅ፣ ግን ሁለት ሦስቴ ብደግመው ክብ ሆኖ ይቀር ነበር። ብሎኑ ክብ ከሆነ ደግሞ ውጥረት ላይ ያለ ክንፍ የያዘ ብሎን ነው፣ በፒንሳ ምናምን የሚነቀል አይደለም። እጄ ተንቀጠቀጠ ቁጭ አልኩ።

የአሜሪካ ዕቃ ኢንች ነው እኮ። ጎረቤት ያለው ብረት በያጅ ካሊፐር ሰጠኝና ቀዳዳውን ለካሁት፣ 4.8 አካባቢ። ሦስት አስራ ስድስተኛ ኢንች ማለት 4.76 ሚሊ ነው። እሱ ነው።

ረቡዕ ኅዳር 10

ከሥራ አስፈቅጄ መርካቶ ወረድኩ። አዳዲስ ዕቃ ቤቶቹ ውስጥ ኢንቹን ስጠይቅ «ኢንች አይመጣም አሁን ሁሉም ሚሊ ነው» ነው መልሱ። መጨረሻ ምናለሽ ተራ አንዱ ጋ ዝገት የነካው የቆርቆሮ ሣጥን ሙሉ ነጠላ ነጠላ አለን ኪይ አገኘሁ፣ ካሊፐሩን አውጥቼ አንድ በአንድ መለካት ስጀምር ባለቤቱ «ወንድሜ ወርቅ ነው እንዴ የምትመዝነው» አለኝ። አርባ ያህሉን ከለካሁ በኋላ 4.75 የሚል ወጣ። እንዲህ የደስ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ከጎን ላሉት ትናንሽ ብሎኖችም የምትሆን ሌላ አነስ ያለች የኢንች ጨመርኩ፣ ሁለቱን በ150 ብር።

አርብ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ኅዳር ይታጠናል፣ ጭሱ ከተራራው ሥር ተኝቶ ጓሮው ጫፍ እንኳ አይታይም። ሥራ የለም። ቡና ላይ ጋሼ ስለዚህ ቀስት ታሪክ አወሩን፣ የፈጠረው ሆለስ ዊልበር አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው ነው፣ ፓተንቱን ያገኘው በ1969 እንደ ፈረንጅ ነው። ከዛ በፊት የነበረው ሁሉ ካም የሌለው ቀስት ነው አሉ። እናቴ በመሃል «የጥጥ ደጋን በሉኛ፣ እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አለች፣ ልጅ ሆና ከአያቴ ጋ ጥጥ ትነድፍበት ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 13

ጠዋት ውርጭ ነበር፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው ያደረው፣ ብረቱን መያዝ አይቻልም። ፀሐይ እስኪወጣ ጠበቅሁ።

መጀመሪያ ገመዱንና ኬብሎቹን ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየዳሰስኩ አየኋቸው፣ የተበጣጠሰ ክር የለም ደርቀው ግን ነበር፣ ጋሼ ሣጥናቸው ውስጥ ያለችውን ሰም ቀባን። ክንፎቹንም በጥጥ አበስኩ፣ ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። የለም።

ከዛ ዋናው። ብዙ ሰው የሚረሳው እኔም ልረሳው የነበረው ነገር ክንፎቹ የተቀመጡበት ኪስ ጎን ላይ የሚቆልፉ ትናንሽ ብሎኖች አሉ፣ ትልቁ ብሎን ከመነካቱ በፊት እነሱ መላላት አለባቸው። መላላት ነው መውጣት አይደለም። የሞዴሉን ማኑዋል ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ በስልኬ ከፍቼ ነበር፣ እሱም ይህንኑ ይላል፣ ደግሞ ትልቁን ብሎን ከ5 ዙር በላይ ወደ ውጭ አታዙር ይላል። 5 ዙር ሕግ ነው፣ ከዛ ካለፈ ብሎኑን የያዘው ጥርስ ያንስና ክንፉ ተነቅሎ ፊት ላይ ሊመጣ ይችላል። ይሄ የዚህ ቀስት ቁጥር ነው፣ የሌላው ሌላ ነው፣ የራስን ማየት።

መነሻ ለማግኘት ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አጠበቅኋቸው፣ በሰዓት አቅጣጫ፣ ሩብ ሩብ ዙር እየቆጠርኩ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች። የላይኛው ግማሽ ዙር ብቻ ሄዶ ቆመ። የታችኛው ግን አንድ ዙር ከሩብ ሄደ! ማለትም ከመጀመሪያውም እኩል አልነበሩም። ጋሼን ስጠይቃቸው አሰቡ አሰቡና ከመምጣታቸው በፊት አንድ ሱቅ ሰጥተውት እንደነበር አስታወሱ። «እኔማ ከዛ ወዲህ እጄ ላይ አልረጋ ያለኝ እርጅና መስሎኝ ነበር» አሉ። እሳቸው ራሳቸውን ሲወቅሱ የከረሙት በሦስት ሩብ ዙር ብሎን ነው። ይሄን ስሰማ በጣም ነው የተናደድኩት።

ሁለቱም ጥብቅ ሲሉ ለካሁት፣ 27.9 ኪሎ። የእህቴን ነጭ የጥፍር ቀለም አምጥቼ ብሎኖቹ ራስ ላይ አንድ አንድ ነጥብ፣ ትይዩ ደግሞ ብረቱ ላይ አንድ አንድ ነጥብ አደረግሁ። ዜሮ ማለት ይሄ ነው። መሸ።

እሁድ ኅዳር 14

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀመርኩ። ግማሽ ዙር ከላይ፣ ግማሽ ዙር ከታች፣ እንደገና። ሁለተኛው ዙር ላይ ስልክ ተደወለልኝና ሳወራ ቆይቼ ስመለስ የታችኛውን አዙሬዋለሁ ወይስ አላዞርኩትም? ነጥቡ የሚያሳየው ግማሽ መሆኑን ነው እንጂ የስንተኛው ዙር ግማሽ እንደሆነ አይናገርም። መገመት እችል ነበር፣ ግን የጋሼ ትከሻ ነው። ሁለቱንም ወደ ዜሮ መልሼ ከመጀመሪያ ጀመርኩ፣ አሁን ግን በየግማሽ ዙሩ ወረቀት ላይ «ላ» እና «ታ» እያልኩ ጻፍኩ፣ ስልኩንም ዘጋሁት።

በየዙሩ እየሰቀልኩ ለካሁ። አንድ ዙር ሲወጣ 26.8፣ ሁለት ላይ 25.7፣ ሦስት 24.5፣ አራት 23.4። አንድ ዙር ወደ 1.1 ኪሎ ይቀንሳል ማለት ነው፣ ሁለት ፓውንድ ተኩል አካባቢ። አራት ተኩል ላይ 22.8 መጣ፣ 50 ፓውንድ ከትንሽ። ከ5 በታች ነን፣ እዛ ላይ አቆምኩ። የጎን መቆለፊያዎቹን መልሼ አጠበቅሁ። በማስመሪያ ከገመዱ እስከ ላይኛው ክንፍ ሥርና እስከ ታችኛው ክንፍ ሥር ለካሁት፣ እኩል ነው በዓይን ልዩነት አይታይም።

ወረቀቱን እያጣጠፍኩ እያለ የጎረቤት ልጅ፣ አስራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀስቱን አንስቶ በጣቱ መሳብ ጀምሯል። ቀለል ስላለ ጣሪያውን አለፈለት፣ ጉንጩ ጋ አድርሶት ፈገግ ብሎ ወደኔ ዞረ፣ ፍላጻ የለበትም። ጋሼ ከበረንዳው «እንዳትለቅ! የኔ ልጅ እንዳትለቅ፣ ያዘው!» ብለው ጮኹ። እኔ ከኋላው ሄጄ በእጁ ላይ እጄን ደርቤ አብረን ቀስ ብለን መለስነው። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ጋሼ አልተቆጡትም፣ አጠገባቸው አስቀምጠው ፍላጻውን አሳዩት፣ ይሄ ሁሉ ጉልበት ወደዚህች ካልሄደ ተመልሶ ቀስቱን ራሱን ነው የሚበላው፣ ክንፉ ይሰነጠቃል ገመዱ ይበጠሳል ዓይንህ ላይ ይመጣል አሉት። ከዛሬ ጀምሮ ቀስቱ ሲቀመጥ ሣጥን ውስጥ ቁልፍ ነው።

ቅዳሜ ኅዳር 20

የመተኮሻውን ነገር አስተካከልን። ሱሉልታ ድርቆሽ ሞልቷል፣ ሰሞኑን አጭደው እያሰሩ ነው፣ አራት የታሰረ ገዝተን ደርድረን ነበር፣ ግን ልል ነው ፍላጻው አልፎ ይሄዳል። ሁለት ማዳበሪያ ውስጥ አሮጌ ልብስ እየረገጥን ጠቀጠቅንና ከፊቱ አቆምነው፣ ከኋላው ደግሞ መሠረት ሲቆፈር የወጣው የአፈር ክምር አለ። የጎረቤት ላሞች በዛ በኩል ስለሚያልፉ መጀመሪያ ሰው ይሄዳል ያያል ከዛ ነው የሚተኮሰው። ርቀቱን በሜትር ለክተን 18 አደረግነው፣ የጋሼ 20 ያርድ።

ፍላጻው ላይ ቆም ብለን አሰብን። የጋሼ ፍላጻዎች 400 የሚሉ ናቸው፣ ቁጥሩ የመተጣጠፍ ልክ ነው፣ ትልቅ ሲሆን ይለሰልሳል። ለ60 የተመረጠ ፍላጻ ለ50 ትንሽ ይደርቃል፣ በበቂ አይታጠፍም። መድረቁ አደጋ የለውም፣ አደጋው ቀስቱ ከብዶ ፍላጻው ከለሰለሰ ነው፣ ሲለቀቅ ሊሰበር ይችላል። አዲስ ከውጭ ከማስመጣት ጋሼ ሣጥናቸው ውስጥ 125 ግሬን (የፍላጻ ጫፍ የሚመዘንበት ትንሽ መለኪያ) የሚመዝኑ ጫፎች ስለነበሯቸው የነበሩትን ባለ 100ዎቹን አውልቀን እነሱን ገጠምን፣ ጫፉ ሲከብድ ፍላጻው ሲለቀቅ የበለጠ ይታጠፋል። አንዱ ፍላጻ በወጥ ቤት ሚዛን 26 ግራም ሆነ፣ ለዚህ ቀስት ከበቂ በላይ ነው፣ በጣም የቀለለ ፍላጻ ባዶ እንደመተኮስ ነው የሚቆጠረው።

የመጀመሪያዎቹን እኔ ለቀቅሁ፣ ሦስቱም ካነጣጠርኩበት አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው ተሰኩ። የሚጠበቅ ነው፣ ፍጥነቱ ቀንሷል። የማነጣጠሪያዋን ፒን ወደ ፍላጻው ማስከተል ነው፣ ዝቅ ካለ ዝቅ። ትንሽ ዝቅ፣ ሦስት ፍላጻ፣ ትንሽ ዝቅ፣ ሦስት ፍላጻ። አራተኛው ላይ ሻይ ብርጭቆ በምታህል ቦታ ተሰበሰቡ። ድሮ ለኔ እንዲህ ተሰብስበውልኝ አያውቁም፣ ብሎኖቹ እኩል መሆናቸው ይመስለኛል።

እሁድ ኅዳር 21

ጽዮን ናት፣ ዘመድ ይመጣልና ከመምጣቱ በፊት በጠዋት ወጣን። ጋሼ ቆመው ሊጀምሩ ሲሉ በርጩማ አምጥቼ ቁጭ ይበሉ አልኳቸው። ተቀምጦ፣ እግር ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ቀስቱን ፊት ለፊት ይዞ ወደ ሰማይ ሳያነሱ መሳብ ከቻሉ ክብደቱ ልክ ነው። ካልቻሉ ገና ነው፣ ያኔ ሌላ ክንፍ መፈለግ ነበረብን።

ሪሊዙን አያያዙ። የግራ እጃቸው ቀጥ አለ። እኔ ዓይኔ ትከሻቸው ላይ ነበር፣ ጃኬታቸው ሥር ያቺ አጥንት ወደ ጆሮ ትወጣለች ወይ ብዬ። አልወጣችም። ክርናቸው በቀስታ ወደ ኋላ ሄደ፣ ካሞቹ ዞሩ፣ ቀለል ሲላቸው ትንፋሻቸውን ሲያወጡ ብርዱ ላይ ጭሱ ታየኝ። ፍላጻው ማዳበሪያው ላይ «ጧ» ሲል ቀስቱ እጃቸው ላይ እንኳ አልዞረም። ዝም ብለው ትንሽ ቆዩ። «ሌላ ስጠኝ» አሉ።

አስር ለቀቁ፣ ስድስት ቆመው። አስረኛው ላይ እንዲያቆሙ ለመንኳቸው። ማታ በረዶ በጨርቅ ያዙ ለጥንቃቄ ያህል፣ ሕመም የለም አሉ።

እራት ላይ «እስቲ ግማሽ ዙር ጨምርልኝ» ብለው ጠየቁኝ። እስከ ገና ድረስ አይሆንም ጋሼ አልኳቸው፣ በሳምንት ሦስት ቀን አስር አስር ብቻ፣ ከዛ በ51 እንሞክራለን። እሺ አሉ ቅር እያላቸው። የላይኛው ክንፍ ውስጥ በኩል ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «4½ ዙር፣ 22.8 ኪሎ፣ ኅዳር 21» ብዬ ጻፍኩበት፣ ሁለቱን አለን ኪዮች በክር አስሬ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኳቸው።